ሰው ተቀየረ፣ ችግሩ ግን እዚያው ነው

ጥያቄ፦

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? በምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ ብዙም በማይርቅ ወረዳ የአንድ መሠረታዊ የገበሬዎች ህብረት ሥራ ማህበር ሥራ አስኪያጅ ነኝ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እናከፋፍላለን። ከአባላት በቆሎ ገዝተን ለዩኒየን (ለመሠረታዊ ማህበራቱ ጥምረት) እናስረክባለን። ወፍጮ ቤትና የሸቀጥ ሱቅም አለን። ሠራተኞቼ ሰነፎች አይደሉም። ግን በየዓመቱ ያው ነው። አንድ ዓመት ማዳበሪያ ያጥርና አባላት መጋዘን በር ላይ ያድራሉ። በቀጣዩ ዓመት ይተርፍና ገንዘባችን ታስሮ ይከርማል። የገዛነው በቆሎ ደግሞ ይሻግታል፣ ሚዛኑም ይጎድላል። መጋዘን ጠባቂ ቀየርን። አሁን ያለው ሦስተኛው ነው። ቦርዱ እሱንም አሰናብቺ እያለኝ ነው። ባሕር ዳር ሄጄ ስለ ሲስተም ንድፈ ሐሳብ ሥልጠና ወስጄ ነበር። ግብዓት፣ ሂደት፣ ውጤት የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሳይተውን ተመለስን። ይህ ነገር እውነት ለእኛ ዓይነቱ ቤት ይሠራል? ወይስ የፈረንጅ ፋብሪካ ጉዳይ ነው?»

መልስ፦

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ቀጥታ ልመልስልሽ። ይሠራል። እንዲያውም ንድፈ ሐሳቡ የተወለደው አንቺ የጻፍሽውን ዓይነት ጥያቄ ለመመለስ ነው። ሦስት ሰው ተቀያይሮ ውጤቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ መታየት ያለበት ሰውየው የተቀመጠበት ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ማንም ቢቀመጥ ያው ነገር ይገጥመዋል።

ሥልጠናው ላይ ያሳዩሽ ሦስት ሳጥኖች ስህተት አይደሉም። ግን ዋናው ነገር ሳጥኑ ውስጥ አይደለም ያለው። በሳጥኖቹ መካከል ባሉት መስመሮች ላይ ነው። ማን ለማን ምን ይነግራል? ወሬው ስንት ወር ይፈጃል? አንዱ የሠራው ሥራ ዞሮ ራሱ ላይ የሚደርሰው በምን መንገድ ነው? ሲስተም ማለት ይህ ነው። ማህበርሽ የግዥ ክፍል ሲደመር መጋዘን ሲደመር ሒሳብ ክፍል አይደለም። እነሱ እርስ በርሳቸው የሚያደርጉት ነገር ነው ማህበሩን ማህበር የሚያደርገው።

ሐሳቡን መጀመሪያ በደንብ ካሰፈሩት አንዱ ኦስትሪያዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ሉድቪግ ፎን ቤርታላንፊ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ከአካባቢው እየተቀበለና ለአካባቢው እየሰጠ የሚኖር ክፍት ሲስተም ነው አለ። ነገሩን ወደ ድርጅት ካመጡት አንዱ ደግሞ የአሜሪካው የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) መምህር ጄይ ፎሬስተር ነው። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ኃላፊዎች አንድ ግራ ያጋባቸው ነገር ነበር። ኬንታኪ ውስጥ የቤት ዕቃ የሚሠሩ ፋብሪካዎቻቸው አንዳንዴ በሦስትና በአራት ፈረቃ ይሠራሉ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግማሹ ሠራተኛ ይሰናበታል። ኃላፊዎቹ ገበያው ነው ይሉ ነበር። ፎሬስተር ስለ ቅጥርና ስለ ክምችት እንዴት እንደሚወስኑ ጠየቃቸው። ከዚያ በእርሳስና በወረቀት አሰላው። ከውጭ የሚመጣው ትዕዛዝ ምንም ባይለዋወጥ እንኳ፣ በራሳቸው የውሳኔ ደንብ ብቻ ያ መውጣትና መውረድ ይፈጠር ነበር።

አንቺም «አንድ ዓመት ያጥራል፣ በቀጣዩ ይተርፋል» ብለሽ ጽፈሽልኛል። አየሽ? ከኬንታኪው ጋር አንድ ነው።

አሁን ወደ ማዳበሪያሽ እንግባ። ትንሽ ጊዜ እንቆይበት፣ ምክንያቱም ሁሉም ነገር እዚህ ላይ ይታያል።

አንድ አባልሽን እንውሰድ። አራት ጥማድ መሬት አለው እንበል። አምና የሚያስፈልገውን አራት ኩንታል አስመዘገበ። እጥረት ስለነበረ ለሁሉም በግማሽ ተቆረጠና ሁለት ደረሰው። ዘንድሮ ጸሐፊው ፊት ሲቆም ስንት ይላል? ስምንት ይላል። ውሸታም ስለሆነ አይደለም። አምና እውነቱን ተናግሮ ስለተጎዳ ነው። ጎረቤቱም እንደዚያው። ሁሉም እንደዚያው። አንቺ መዝገቡን ስታዪ ፍላጎት በእጥፍ ጨምሯል። «እንዳያጥረን» ብለሽ ትንሽ መጠባበቂያ ትጨምሪበታለሽ። ወረዳውም፣ ዩኒየኑም እንደዚያ ያደርጋል። ቁጥሩ እያበጠ ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚያ ጊዜው አለ። ፍላጎት ተሰብስቦ፣ ከቀበሌ እስከ ፌዴራል ተጠቃሎ፣ ግዥ ተፈጽሞ፣ መርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ከጅቡቲ በመኪና ተጭኖ እስከ አንቺ መጋዘን ለመድረስ ወራት ይፈጃል። በዚያ መሃል ማንም ስህተቱን አያየውም። ጭነቱ ሲመጣ ዘንድሮ በቂ ነው። አባሉም አራቱን ብቻ ይወስዳል። ድሮም የሚያስፈልገው አራት ነበራ! የቀረው አራት አንቺ መጋዘን ውስጥ ይከርማል። ዩሪያው እርጥበት ይስብና ይጠጥራል። ገንዘብሽ ይታሰራል። ቦርዱ ይቆጣል። በሚቀጥለው ዓመት ምን ታደርጊያለሽ? ተቃጥለሻልና መዝገቡን አታምኚም። ቆርጠሽ ታዢያለሽ። ያጥራል። ሰው መጋዘን በር ላይ ያድራል። ዞረን መጣን።

በዚህ ክብ ውስጥ ጥፋተኛ ፈልጊ ብልሽ የምታገኚው የለም። አባሉ ልክ ነው። ጸሐፊው ልክ ነው። አንቺም ልክ ነሽ። እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ የሚታየውን አይቶ ትክክለኛውን ወሰነ። ተደምሮ ግን ጥፋት ሆነ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሃው ሊ እና ባልደረቦቹ በ1997 (እ.ኤ.አ.) ትዕዛዝ ወደ ላይ ሲሄድ ለምን እንደሚያብጥ አጥንተው አራት ምክንያት ሲያስቀምጡ፣ አንዱ ይኸው ነበር። ዕቃ ሲያጥር በጥያቄው ልክ ተመጥኖ ከታደለ፣ ጠያቂው ጥያቄውን ያሳብጣል። ይህ እብጠት በዘርፉ የሚታወቀው በጅራፍ ስም ነው። የቡሄ ጅራፍ ሲጮህ አይተሻል። እረኛው የእጁን አንጓ ትንሽ ነው የሚያንቀሳቅሰው፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ይፈነዳል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ያ ክብ የሚሰበረው አባሉን «እውነት ተናገር» ብሎ በመምከር አይደለም። እውነት መናገር የማይጎዳው እንዲሆን በማድረግ ነው። በአንቺ አቅም ውስጥ ያሉ ነገሮችን ብቻ ልንገርሽ። መርከቡን አንቺ አታፈጥኚውም፣ ስለዚህ እሱን ተይው።

በመጀመሪያ፣ እጥረት ሲመጣ ድርሻ በጥያቄ ልክ አይቆረጥ። በመሬት ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ባለው ስፋትና ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት በተጨባጭ በወሰደው ልክ ይሁን። ይህ ደንብ ከምዝገባው በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ይጽደቅ፣ በር ላይም ይለጠፍ። ከዚያ በኋላ ስምንት ብሎ ማስመዝገብ ምንም አይጠቅመውም። ሁለተኛ፣ ለምዝገባ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቂ። ትንሽ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ብዙ ካደረግሽው ባሏ የሞተባትና ጥሪት የሌላት ሴት ከመዝገቡ ትወጣለች። ሀብታሙ ብቻ እውነት የሚናገርበት መዝገብ ደግሞ መዝገብ አይደለም። ለእነሱ በእማኝ ወይም በዕዳ የሚያዝበትን መንገድ ከወዲሁ አስቢበት። ሦስተኛ፣ በገበያ ቀን ሰሌዳ ላይ ጻፊ፦ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ፣ ቀጣዩ ጭነት መቼ ይጠበቃል። ሰው በር ላይ የሚያድረው ማዳበሪያ ስላነሰ ብቻ አይደለም። ምን ያህል እንዳለ ስለማያውቅም ነው። ወሬው ከተዘጋ አሉባልታ ይገባል፣ አሉባልታ ደግሞ ሰልፍ ይወልዳል።

ቦርድሽ ይህን በንግግር ብቻ የሚያምን አይመስለኝም። ስለዚህ አንድ ከሰዓት በኋላ ሰብስቢያቸውና አጫውቻቸው። ኤምአይቲ ውስጥ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚጫወቱት የቢራ ጨዋታ የሚባል አለ። ቸርቻሪ፣ ጅምላ ሻጭ፣ አከፋፋይና ፋብሪካ ሆነው ነው የሚጫወቱት። አንቺ በማዳበሪያ አድርጊው። የቦርድና የቁጥጥር ኮሚቴ አባላትን አራት አድርገሽ በአንድ ረድፍ አስቀምጪ። አንዱ የቀበሌ አከፋፋይ፣ አንዱ መሠረታዊ ማህበር፣ አንዱ ዩኒየን፣ አንዱ አስመጪ ይሁን። ለእያንዳንዳቸው 12 የበቆሎ ፍሬ ስጪ፣ አንዱ ፍሬ አንድ ኩንታል ነው። በየዙሩ እያንዳንዱ ከበታቹ የመጣውን ትዕዛዝ ያሟላል፣ ለበላዩ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ያዛል። የተላከው ፍሬ የሚደርሰው ከሁለት ዙር በኋላ ነው። ማውራት ክልክል ነው። የገበሬውን ትዕዛዝ የያዝሽው አንቺ ነሽ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ዙሮች 4፣ 4፣ 4፣ 4። ከአምስተኛው ጀምሮ እስከ መጨረሻው 8። ሌላ ለውጥ የለም። ለአከፋፋዩ ብቻ ነው የምታሳዪው።

ሠላሳ ዙር ያህል ይጫወቱ። ትዕዛዙ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እያበጠ ሲሄድ ታያለሽ። መሃል ላይ ሁሉም ባዶ ይሆንና ይጨነቃል፣ በእጥፍ ያዛል። ከዚያ ፍሬው ይጎርፍና ጠረጴዛው ይሞላል። ሲያልቅ አስመጪ ሆኖ የተጫወተውን ሰው «ገበሬው ስንት ሲያዝ የነበረ ይመስልሃል?» ብለሽ ጠይቂው። አንዴ ብዙ፣ አንዴ ምንም የማያዝ ቀውስ ገበሬ ነው የሚስልልሽ። ያኔ የራስሽን ወረቀት አሳዪው። አንዴ ብቻ ነው የተለወጠው። ይህን ጨዋታ ተማሪውም፣ የኩባንያ ኃላፊውም ተጫውቶታል። ብዙው ሰው ያው ነው የሚሆነው። ብልህ ሰው ነው፣ ቅን ሰው ነው፣ ግን ከጎኑ ያለውን ብቻ እያየ ነው የሚወስነው።

ደግሞ እንዳትረሺ፣ ጨዋታው ላይ አንዱ ሌላውን «አንተ ነህ ያጠፋኸው» ሳይል አይቀርም። ያንን ጻፊው። በኋላ ስለ መጋዘን ጠባቂው ስታወሩ ይጠቅምሻል።

ወደ በቆሎው ስመጣ የበለጠ አዘንኩ። ምክንያቱም እዚህ ላይ የአንድ ሰው ስም አለበት።

ቦርድሽ በየሳምንቱ ለግዥ ክፍሉ የሚያቀርበው ጥያቄ «ስንት ኩንታል ተገዛ?» የሚል ይመስለኛል። አብዛኛው ማህበር እንደዚያ ነው። ለመጋዘን ጠባቂው ደግሞ «ስንት ኩንታል ጎደለ?» ነው ጥያቄው። ሁለቱም ጥያቄ ለየብቻው ጤነኛ ይመስላል። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ሁለቱን ሰዎች ያጋጫሉ። ገበሬው በኅዳርና በታኅሣሥ ዕዳ አለበት፣ ግብር አለበት፣ የልጆች ወጪ አለበት። ነጋዴው አውድማው ድረስ ሄዶ ይገዛል። የግዥ ሠራተኛሽ ኮታውን እንዲሞላ እርጥቡንም ቢሆን ይቀበላል። ኩንታል ሞላ፣ ሪፖርቱ አማረ። እርጥበቱን ግን ለመጋዘን ጠባቂው አስረከበው።

አሁን አብረን እናስላ። በ18 በመቶ እርጥበት የተገዛ 100 ኪሎ በቆሎ ወደ 13 በመቶ ሲደርቅ 94 ኪሎ ገደማ ነው የሚሆነው። የቀረው ወደ ስድስት የሚጠጋ ኪሎ ውኃ ነበር፣ ተነነ። 500 ኩንታል ከሆነ ወደ 29 ኩንታል ይጠፋል ማለት ነው። ማንም ሳይሰርቅ። ያለ ርብራብ፣ መሬት ላይ፣ ግድግዳ ተጠግቶ ከተደረደረ ደግሞ አይደርቅም፣ ይሻግታል። ሻጋታው የሚያመጣው አፍላቶክሲን ሰውንም ከብትንም የሚጎዳ መርዝ ነው፣ ስለዚህ ጉዳቱ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በቆሎ ሳይበላሽ የሚቀመጠው 13 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ስለዚህ ልጠይቅሽ። ለዚያ ለሦስተኛው ሰው ሲያስረክቡት እርጥበቱን የለካለት ሰው ነበር? ከእሱ በፊት ለተሰናበቱት ሁለቱስ? ካልነበረ፣ የጎደለው ሚዛን የማን እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ከዩኒየን ተውሰሽም ቢሆን አምጪ። እስከዚያ ድረስ ቀላል ዘዴ አለ። የደረቀ ጠርሙስ ውስጥ እፍኝ በቆሎና ትንሽ ደረቅ ጨው ጨምሪ። ክዳኑን ግጠሚና በደንብ ናጪው፣ ከዚያ አስቀምጪው። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በቆሎው ከ15 በመቶ በላይ እርጥበት አለው። ካልተለጠፈ ግን 13 ደርሷል ማለት አይደለም፣ ቢያንስ ከ15 ወርዷል ማለት ነው። ገበሬው እያየ አድርጊው። ዓይኑ እያየ ስለሆነ አይከራከርሽም።

«እርጥቡን ካልተቀበልኩ ነጋዴ ይወስደዋል» ትይኛለሽ። እውነትሽን ነው። እኔም መልሺው አልልሽም። ተቀበይው፣ ግን ዋጋውን በደረቅ ክብደት አስዪ። ሠንጠረዡን ቀድመሽ ለጥፊ፦ በዚህ እርጥበት ከኩንታሉ ይህን ያህል ኪሎ ይቀነሳል። አባሉ ቤቱ አድርቆ ቢያመጣ ሙሉ ይከፈለዋል። ገንዘብ ቸኩሎበት ከሆነ ግማሹን ዛሬ ይውሰድ፣ የቀረውን ከደረቀ በኋላ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሸራ ዘርግታችሁ አድርቁ። ዋናው ግን የቦርዱ ጥያቄ መቀየሩ ነው። የግዥ ክፍሉና መጋዘኑ አንድ የጋራ ቁጥር ይኑራቸው፦ ዩኒየኑ ሳይመልስ የተቀበለው ስንት ኩንታል ነው? ይህ ቁጥር ሁለቱንም ያቀራርባቸዋል። የግዥ ሠራተኛው ራሱ ጠርሙስ ይዞ መንደር ለመንደር ሲሄድ ታያለሽ። ራስል አኮፍ የተባለው አሜሪካዊ የሲስተም ሊቅ ደጋግሞ የሚለው ይህንን ነበር። ክፍሎችን ለየብቻ ማሻሻል ሙሉውን ማሻሻል አይደለም። አንዳንዴ እንዲያውም ያበላሸዋል።

ዘንድሮ ያንን ሰውዬ እንዳታሰናብቺው እለምንሻለሁ። ሦስተኛው ስለሆነ አይደለም፣ ገና ስላልተለካለት ነው። ሲረከብ እርጥበቱ ተጽፎ፣ ርብራብ ተሰጥቶት፣ ከዚያ በኋላ ቢጎድል ያን ጊዜ ጥያቄው ለእሱ ነው። የጥራት ሊቁ ኤድዋርድስ ዴሚንግ በጃፓን ፋብሪካዎች ብዙ የሠራ ሰው ነው። በእሱ ግምት በድርጅት ውስጥ ካለው ችግር 94 በመቶው የአሠራሩ ነው፣ ኃላፊነቱም የአመራሩ ነው። ቁጥሩን እንደ ሕግ አትያዢው፣ ከልምዱ ያስቀመጠው ግምት ነው። ግን የት መጀመር እንዳለብሽ ያሳይሻል።

የቀረውም ስድስት በመቶ እንዳለ ልብ በይ። «ሲስተሙ ነው» የሚለውን ቃል ሌባ እንዲጠለልበት አልፈልግም። ደረሰኝ የሚቀድ፣ ማዳበሪያ በሌሊት የሚያወጣ ሰው ካለ ጉዳዩ የቁጥጥር ኮሚቴና የሕግ ነው። እንዲያውም የተለካ፣ የተጻፈና ሰሌዳ ላይ የተለጠፈ ነገር ሌባን ቶሎ ያጋልጣል። ሁሉም ነገር በሚተንበት መጋዘን ውስጥ ግን የሌባ ኩንታልና የውኃ ኩንታል አይለይም። ሐቀኛው ይባረራል፣ ሌባው ይቀራል። ለእኔ ከሁሉ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ እምነት። ከመርዓዊ አጠገብ ያለውን የቆጋን መስኖ ታውቂዋለሽ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ የተሠራው። እንደዚያ ባለ የመስኖ ቦይ ላይ የተለመደ ነገር አለ። የላይኞቹ ከተራቸው ውጭ ውኃ ሲወስዱ ለታችኞቹ አይደርስም። የታችኞቹ ደግሞ ቦይ ለመጥረግ መውጣት ያቆማሉ፣ ለማይጠጡት ውኃ ለምን ይልፉ? ቦዩ በደለል ይሞላና የላይኞቹም ውኃ ያንሳል። ክፋቱ ራሱን እየመገበ ያድጋል። ደግነቱ በዚያው መንገድ ወደ በጎም ይዞራል። የውኃ አባቱ ተራ ካስከበረ ታችኞቹ ይወጣሉ፣ ቦዩ ይጠራል፣ ውኃው ለሁሉም ይበዛል። አባላትሽም እንደዚያው ናቸው። ማህበሩን ካላመኑት እህላቸውን ለነጋዴ ይሸጣሉ። የማህበሩ ገቢ ይቀንሳል፣ አገልግሎቱ ይወርዳል፣ እምነቱ ይበልጥ ይሸሻል። አንቺ የምትፈልጊው ይህ ክብ ወደ ሌላው አቅጣጫ መዞር የሚጀምርበትን አንድ ቦታ ነው። ለእኔ ያ ቦታ የሰሌዳው ቁጥርና የጠርሙሱ ጨው ነው። ሁለቱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

ቦርዱን በተመለከተ፣ «ሲስተም» የሚለውን ቃል ይዘሽ አትግቢ። አንቺ ተቀጣሪ ነሽ፣ እነሱ በአባላት የተመረጡ ናቸው፣ የበላዩ ደግሞ ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ከሥልጠና የመጣ ትልቅ ቃል ሲሰሙ «ልታስተምረን መጣች» ይላሉ፣ በተለይ ሴት ስትሆኚ። ይዘሽ የምትገቢው አንድ ወረቀት ይሁን። ያለፉትን አምስት ዓመታት አስምሪ፦ የተመዘገበው፣ የታዘዘው፣ የደረሰው፣ የተወሰደው፣ የተረፈው። አምስት ረድፍ ነው። ከዚያ ዝም በይና እነሱ ያንብቡት። ከመካከላቸው አንዱ «ይህ እኮ በየዓመቱ እየተገላበጠ ነው» ማለቱ አይቀርም። ያንን ያለው ሰው ጨዋታውን እንዲያዘጋጅ አብረሽው ሥሪ። ሐሳቡ የእሱም ይሆናል።

ስዕሉንም ብቻሽን ቢሮ ቁጭ ብለሽ አትሳዪው። መጋዘን ጠባቂውን፣ የግዥ ሠራተኛውን፣ ገንዘብ ያዡን፣ የወፍጮ ቤቱን ልጅ፣ ሁለት ሦስት አባላት፣ ከእነሱም አንዲት ቤተሰብ የምታስተዳድር ሴት ጥሪ። ትልቅ ወረቀት ዘርጊና «ከዚህ ቀጥሎ ምን ይሆናል?» እያልሽ ብቻ ጠይቂ። በየቀስቱ ላይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጻፉ። ገንዘብ ያዡ «ብድሩ የሚለቀቀው ዘግይቶ ነው» ሲል የግዥ ሠራተኛው የሚደነግጥበት ጊዜ አለ። አብረው እየሠሩ የማያውቁትን ነገር ያን ቀን ያውቃሉ።

ስለ ጊዜው ከወዲሁ ልንገርሽ። በአንድ ዓመት አይስተካከልም። አዲሱ የድርሻ ደንብ ሲወጣ አባላት የመጀመሪያውን ዓመት አያምኑትም፣ አሁንም አሳብጠው ያስመዘግባሉ። እርጥቡን በደረቅ ክብደት ስታሰዪ ደግሞ የዘንድሮው ግዥሽ ይቀንሳል፣ ነጋዴ ጋ የሚሄድ ይኖራል። ቦርዱ ያኔ «አላልንሽም?» ይላል። ስለዚህ ከመጀመርሽ በፊት በጉባኤ ላይ ተናግረሽ ቃለ ጉባኤ አስይዢ፦ የመጀመሪያው ዓመት ግዥ ሊቀንስ ይችላል፣ የምናየው ግን ከዩኒየን የሚመለሰው መቀነሱን ነው። በጥር መጨረሻ የተመለሰውን ኩንታል ከአምናው ጋር አስተያዪ። ማዳበሪያውን የምትመዝኚው በሁለተኛው ዓመት ምዝገባ ላይ ነው። የተመዘገበውና የተወሰደው ቁጥር መቀራረብ ከጀመረ ደንቡን አትንኪው፣ ይቀጥል። ካልተቀራረበ ድርሻ የተሰጠበትን መዝገብ አውጥተሽ ደንቡ ለማን እንደተጣሰ ፈልጊ፣ ምክንያቱም አባላቱ ያንን ከአንቺ ቀድመው አይተውታል።